ስሟ ቀድሟት የሄደው ኔሪስ

ዌልስ አገር፣ ኩምሄሊግ ሸለቆ ውስጥ ቆሞ «ጆንስ!» ብሎ የተጣራ ሰው ግማሹን መንደር ያዞራል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ «ዴቪስ!» ሲባል ይዞራል። ዌልሶች በቤተሰብ ስም ላይ ከጥንትም ቆንቋና ናቸው። ስለዚህ ሰዉ በሚሠራው ሥራ፣ አለዚያም አንድ ቀን በሠራው ጉድ ይጠራል። ወተት የሚያድለው ጆንስ ወተት ነው። ቀባሪው ዴቪስ ሬሳ ነው፤ እሱ ራሱ ስልክ ሲያነሣ «ሬሳ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?» ይላል። ሃሪ ለጥቂት ደግሞ በጎረምሳነቱ ለአገሩ የራግቢ ቡድን ተጠባባቂ ሆኖ ተጠርቶ፣ በዋዜማው ጆሮ ደግፍ ይዞት፣ ጉንጩ ዱባ አክሎ ከቤት የቀረ ሰው ነው። ይኸው ፀጉሩ ነጣ፣ የልጅ ልጅ አየ፣ አሁንም «ለጥቂት» ነው። አንዴ የተለጠፈ ስም በሳሙናም አይለቅ፣ በጸሎትም አይለቅ።

የባለታሪካችን የኔሪስ ፕሮበርት አባት ኤምሪስ አበርዴር ይባላሉ። የአበርዴር ከተማ ሰው እንዳይመስሏችሁ! አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ገና ወጣት አውቶቡስ ነጂ ሳሉ፣ ሰው እስከ በሩ የሞላበት አውቶቡስ ይዘው ወደ ፖንቲፕሪድ መታጠፍ ሲገባቸው ሐሳብ ነጥቋቸው በላይኛው መንገድ ቀጥ አሉ። ተሳፋሪው መጮህ ሲጀምር «አቋራጭ ነው!» እያሉ ተራራውን ወጡ፤ «አቋራጭ ነው አልኳችሁ!» እያሉ ተራራውን ወረዱ፤ አበርዴር ገበያ መሐል ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍተው አንገታቸውን ደፉ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ሮዝ ቀሚስ የለበሰች ሚዜ ነበረች፤ ሠርጉ ያለ እሷ አለፈ። ኤምሪስ ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድም ቀን መንገድ ስተው አያውቁም። ግን ይህን ማን ያስታውሳል?

ኔሪስ በዚህ ስም ስትቃጠል ነው ያደገች። ትምህርት ቤት ልጆቹ «አባትሽ ዛሬስ የት ሊወስዱን ነው?» ሲሏት ፊቷ ቲማቲም ይመስል ነበር። አባቷን አጥብቃ ትወዳለች፤ ስማቸውን ግን እንደ ቀዳዳ ካልሲ ከሰው ዓይን ትደብቀው ነበር። አንድ ቀን እዚያ ቤት ደረት ተነፍቶ የሚጠራ ስም አስገባለሁ ብላ በልቧ ማለች። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ አጠናች፤ ከዚያም ማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ላይ የቤት ጉዳይ ተቀባይ ሆና ተቀመጠች። ጣሪያ የሚያፈስበት፣ ጎረቤቱ ከበሮ የሚደልቅበት፣ ባሏ ቁልፍ ይዞ የሄደባት፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ይመጣል። ዕድሜዋ አርባን ሲነካ ስም የሚባል ነገር ገና አልወጣላትም፤ «የኤምሪስ አበርዴር ልጅ» ነበረች።

የሸለቆው የመጨረሻ ጠበቃ ሚስተር ቤይነን ነበሩ። ቤይነን ኑዛዜ ይሏቸዋል። ዊግ ደፍተው ዳኛ ፊት ከሚቆሙት ጠበቆች ወገን አይደሉም፤ ሶሊሲተር የሚባሉት፣ ቢሮ ተቀምጠው ኑዛዜ የሚጽፉት፣ ቤት ሲሸጥና ሲገዛ የሚያዋውሉት፣ ባልና ሚስት ሲለያዩ ማንኪያውን የሚያካፍሉት ዓይነት ናቸው። ባለቤታቸው ኤርወን፣ ቴንቢ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ቤት ከገዙ ቆይተዋል፤ መጋረጃው ሁሉ ተሰቅሎ ባልየውን ይጠብቃል። ቤይነን ግን ቢሮውን ዘግተው ቢሄዱ ኩምሄሊግ ያለ ጠበቃ ልትቀር ነው። ታዲያ አንድ ቀን ስለ አንድ ተከራይ ጉዳይ ማዘጋጃ ቤት መጥተው ኔሪስን መስኮቷ ላይ ሲያዩዋት ቆዩና፣

«ልጄ፣ ሰው ማዳመጥ ታውቂበታለሽ» አሏት። «ለምን ሶሊሲተር አትሆኚም?»

«እኔ? ታሪክ ያጠናሁት ሴትዮ?»

«አዎ አንቺ። አሁን ዲግሪ ያለው ሁሉ፣ የምንም ይሁን የምን፣ ለሶሊሲተርነቱ ፈተና መቀመጥ ይችላል። ግን ሕግ ሳይማሩ እዚያ ፈተና ላይ መቀመጥ ዋና ሳይችሉ ወንዝ መግባት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መሻገሪያውን ኮርስ ያዢ፤ ሌላ ትምህርት ያጠና ሰው ወደ ሕግ የሚሻገርበት ነው። ውል፣ መሬት፣ ውርስ። ደረቅ ነው፤ የትናንት ዳቦ በይው። ከዚያ የፈተና ማዘጋጃው አለ። ከዚያ ሁለት ዓመት እኔ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ትሠሪያለሽ፤ ስትጨርሺ ቁልፉን እሰጥሽና ወደ ኤርወን እወርዳለሁ።»

«ኤርወን እሺ ይላሉ?»

«ዘንድሮ እወርዳለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ለአንቺ ስል አንድ ጊዜ አፈርሰዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ይህን ሲሉ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ነበር፤ ኔሪስ ግን ጣቱን የት አይታ! እሷ ያን ጊዜ ያየችው የነሐስ ሰሌዳ በሩ ላይ ተለጥፎ፣ ስሟ ተቀርጾበት፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ነው። ኩምሄሊግ ፀሐይ ምን ጊዜ እንደሚወጣ እግዚአብሔር ይወቅ እንጂ፣ እሷ አየችው።

በበጋው ካርዲፍ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ኮርሶቹን ለሕዝብ የሚያሳይበት ቀን ደረሰና ኔሪስ ጥሩ ጫማዋን አድርጋ ሄደች። በአዳራሹ ጠረጴዛ ተደርድሯል። የመሻገሪያው ኮርስ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰውዬ፣ በስቴፕለር የተመታ ወረቀትና አንድ ሳህን ከረሜላ ይዞ ተቀምጧል።

«ከባድ ነው?» አለችው።

«ከባድስ አይደለም፤ አሰልቺ ነው» አለ ሰውዬው አፍንጫውን እየጠረገ። «ሲያልቅ ዲፕሎማ ይሰጡሻል።»

ዲፕሎማ! ልጅቷ ዲግሪ ይዛ የመጣች፣ አርባ ዓመት የሞላት፣ ደግሞ ወደ ዲፕሎማ ትውረድ? ቀና ስትል አጠገቡ ያለው ጠረጴዛ ላይ ዓይኗ አረፈ። አቤት ጠረጴዛ! ባንዲራ በባንዲራ ሆኗል፤ ከኋላው ማዕበል የሚሰነጥቅ መርከብ በግድግዳው ሙሉ ተሰቅሏል፤ ፊት ለፊቱ የሐር ሻርፕ ያደረጉ ሴት ፕሮፌሰር ቆመዋል። «የዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ፣ ማስተርስ» ይላል። ማስተርስ! ኔሪስ ቃሉን በአባቷ አፍ ውስጥ ሰማችው፤ ራግቢ ክለቡ ውስጥ ብርጭቆ ከፍ አድርገው «ልጄ ማስተርስ ይዛለች» ሲሉ።

መጠየቅ ያለባት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። «ይህ ኮርስ ሶሊሲተር ለመሆን ወደሚያበቃው ፈተና ያደርሰኛል?» ማለት። እሷ ግን መስማት የፈለገችውን መልስ የሚያመጣላትን ጥያቄ መርጣ ጠየቀች።

«ይህም ሕግ ነው አይደል?»

«እንዴታ!» አሉ ፕሮፌሰሯ ፈገግ ብለው። «ሕግ ነው እንጂ!»

ሴትዮዋ አልዋሹም። ሕግ ነው። ዳቦም ምግብ ነው፣ ማርም ምግብ ነው።

ቤይነን በሳምንቱ መንገድ ላይ አግኝተዋት «እንዴት ሆነ? ተመዘገብሽ?» ቢሏት፣ «ተመዝግቤያለሁ» አለች። የትኛውን አላሉም፤ እሷም አላለችም። አዛውንቱ እጇን ጨብጠው ወዘወዙ፣ በዚያው ስልክ ደውለው ለኤርወን ነገሩ፤ ኤርወንም መጋረጃውን አቧራ እንዳይጠጣው መልሰው አወረዱት።

የራግቢ ክለቡ ድግስ የተደገሰው በሴፕቴምበር ነው። ከዳቦ ቤት የዳኛ ዊግ የሚመስል ኬክ ታዘዘ፤ ሶሊሲተር ዊግ እንደማያደርግ ለማንም አልታየውም። ኤምሪስ ከረባት አሰሩ። ሃሪ ለጥቂት ወንበር ላይ ወጣና ብርጭቆውን በማንኪያ መታ።

«ስሙኝማ! ዛሬ ስም እናወጣለን! ይህች ልጅ እስከ ዛሬ በአባቷ ስም ስትሠቃይ ኖራለች…»

«ምን አደረግኳት አንተ?» አሉ ኤምሪስ።

«አበርዴር ወስደሃት ነዋ! ከዛሬ ጀምሮ ግን ኔሪስ ሕግ ናት!»

«ኔሪስ ሕግ!» ብሎ ቤቱ ተነቃነቀ። ወንዶቹ በአራት ድምፅ ዘመሩላት፤ እዚያ አገር ሰው ሲደሰትም ሲያዝንም በአራት ድምፅ ነው የሚዘምር። ኔሪስ ከዊጉ ኬክ ላይ አንድ የፀጉር ጥቅልል ቆርጣ ስትጎርስ ከስኳሩ ይልቅ ስሙ ጣፈጣት።

ደስታዋ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። በመጀመሪያው ሰሞን ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ለምን እንደመጣ ተጠየቀ። አንዱ መርከብ ኩባንያ እሠራለሁ አለ፤ አንዱ የዲፕሎማት ልጅ ነኝ አለ። ኔሪስ ተነሥታ «መንደሬ ውስጥ ሶሊሲተር ለመሆን ነው» ስትል ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በእረፍት ሰዓት ለሻይ ተሰልፈው ሳለ ናስሪን የምትባል የኒውፖርት ልጅ ጠጋ አለቻት።

«እትዬ፣ ላስቀይምሽ አልፈልግም» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ ኮርስ እኮ ለሶሊሲተርነቱ ፈተና የሚሆን አንድም ነገር የለውም። እኔ መጀመሪያ ዲግሪዬ ሕግ ነው። አንቺ ግን ከዚህ ስትወጪ መሬትና ኑዛዜውን ከሀ ልትጀምሪ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ኔሪስ።

አላወቀችም። ሻይዋን ኩባያው ሞልቶ ትሪው ላይ እስኪፈስ ቀዳች።

«ግድ የለም፣ ገና ነው» አለች ናስሪን። «እስከ ወሩ መጨረሻ ቢሮ ሄዶ መቀየር ይቻላል። መሻገሪያውን ኮርስ ከታች ፎቅ ነው የሚሰጡት።»

ከታች ፎቅ! አንድ ደረጃ ወርዶ፣ ያንን ጉንፋናም ሰውዬ «ተሳስቼ ነው» ማለት ብቻ ነበር። ኔሪስ እስከ ደረጃው ጫፍ ሄዳለች፤ ይህን መካድ አይቻልም። እዚያ ቆማ ግን የታያት ዊጉ ኬክ ነው፤ የአባቷ ከረባት ነው፤ ሃሪ ወንበሩ ላይ ነው። ኮርስ ቀየረች ከተባለ ለምን ይባላል። ለምን ከተባለ ደግሞ የኤምሪስ አበርዴር ልጅ እሷም መንገድ ስታ ተገኘች ይባላል። ፊቷን አዞረችና ወደ ባሕሩ ተመለሰች። በውስጧ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ትል ነበር፤ አባቷ ተራራ ላይ «አቋራጭ ነው» እንዳሉት።

እስከ ዲሴምበር ድረስ ግማሽ ቀን መስኮቷ ላይ፣ ግማሽ ቀን ባሕር ውስጥ ከረመች። ዓሣ ከባሕር ዳርቻ ምን ያህል ርቆ ሲዋኝ የማን ንብረት እንደሚሆን አጠናች። የሰመጠ መርከብ ወርቅ ለማን እንደሚደርስ አጠናች። ኩምሄሊግ ያለው ውኃ ደግሞ አንድ ወንዝ ነው፤ ዓሣው ከጠፋ ዘመን የለውም፤ የሱፐርማርኬት ጋሪ ተገልብጦበት ይገኛል። ቤይነንን ላለማግኘት በጓሮ በጓሮ መሄድ ጀመረች። በአጋጣሚ ሲያገኟትም «መሬት ጀመራችሁ?» ሲሏት «እየደረስን ነው» ትላለች፤ መርከብ ሁሉ አንድ ቀን መሬት መድረሱ አይቀርም ብላ። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣት የነሐሱ ሰሌዳ ይታያታል፤ አሁን ግን የሚያበራው ፊቷ ላይ ነው።

ሰዉ ግን አይተዋትም። ሕግ ካላት መንደር ማን ዝም ይላል? አንዱ ስለ ውሻ፣ ሌላው ስለ ቧንቧ ይጠይቃታል። እሷም «እሱ ነገር ውስብስብ ነው» የምትል አንዲት ዘዴ አበጀች። ይህን በዝግታ፣ ዓይንን ጠበብ አድርጎ ካሉት ብዙ ያስኬዳል። ሃሪ ለጥቂት እስኪመጣ ድረስ አስኬዳት።

ዓርብ ማታ ለዓሣና ድንች ጥብስ ተሰልፈው ነው። ሱቁ ጢም ብሏል፤ መስተዋቱ በእንፋሎት ታፍኗል።

«ኔሪስ ሕግ!» አለ ሃሪ ከኋላዋ። «ሕግን በወረፋ ላግኛት እንጂ! ስሚኝማ፣ በእኔና በኦልወን ጓሮ መሐል ያለው የግንብ አጥር የማነው?»

«እሱ ነገር ውስብስብ ነው» አለች ዓይኗን ጠበብ አድርጋ።

«ምን ውስብስብ አለው? ጡብ ነው! እርግብ ቤቴን ላሰፋ ፈልጌ ነው። አባቴ ሲጠግነው ኖሯል፤ እኔም ኖራ ስቀባው ኖሬያለሁ። ኦልወን አንድ ቀን እንኳ ነክታው አታውቅም።»

ወረፋው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ድንች ጠባሹ እንኳ ጭልፋውን አንጠልጥሎ ቀረ። ኔሪስ የዚያን አጥር ነገር አታውቅም። «አላውቅም» ብትል ያልቅ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ዓሣ ለተማረች ሴት ግን በሚጠበስ ዓሣ ፊት «አላውቅም» ማለት እንደ ሞት ከበዳት።

«እንግዲህ፣ ሲጠግን የኖረ ሰው ከሆነ፣ የእሱ ነው ማለት ነው» አለች።

«ይህ ሕግ ነው?»

«ሕግ ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቅዳሜ ጠዋት ሃሪ መዶሻውን ይዞ ወጣ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አጥሩ የጡብ ክምር ሆነ። በኦልወን በኩል ደግሞ እናታቸው የተከሏት፣ ግንቡን ተደግፋ ሽቅብ የምትወጣ ቢጫ ጽጌረዳ ነበረች። ከግንቡ ጋር ወደቀች፤ ግንዷ ከሥሩ ተገነጠለ። አክስቴ ኦልወን፣ መላው ሸለቆ አክስቴ የሚላቸው የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ኮፍያቸውን አድርገው፣ አንዲት የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ይዘው ወደ ቤይነን ቢሮ ሄዱ።

ሰኞ ቤይነን ኔሪስን አስጠሯት። ስትገባ የድሮ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ቅርንጫፏ በሻይ ኩባያ ውስጥ ቆማለች።

«እስቲ እዚህ ጋ እዪ» አሉ ቤይነን። ጣታቸው ሁለቱን ጓሮ በሚለየው መስመር ላይ አረፈ። መስመሩ ላይ በቀለም የተጻፈች አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ቲ ፊደል ተጣብቃለች። «ቲዋ በማን በኩል ነው የቆመች?»

«በአክስቴ ኦልወን በኩል።»

«ምን ማለት ነው?»

የኔሪስ ዓይን ከካርታው ወደ ጽጌረዳዋ ቅርንጫፍ ሸሸ።

«ልጄ፣ የመሬት ትምህርት የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያየው ምልክት ነው። ቲዋ በቆመችበት በኩል ያለው ሰው የአጥሩ ባለቤት ነው። ሃሪ ‹ሕግ ነገረችኝ› ይለኛል። ምን እያጠናሽ ነው የከረምሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መሬቱን ግን አታውቀውም።

«የባሕር ሕግ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

«የምን?»

«የባሕር። ማስተርስ ነው። ዲፕሎማ ሲሉኝ ዝቅ ያለ መሰለኝ፣ ሚስተር ቤይነን። ስህተቴን ያወቅኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። መቀየር ይቻል ነበር። አልቀየርኩም።»

ቤይነን መነጽራቸውን አወለቁ። ተቆጥተው ቢጮሁባት ይቀላት ነበር፤ እሳቸው ግን መነጽሩን በከረባታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ይጠርጉ ጀመር።

«ሳይሆኑ ሶሊሲተር ነኝ ማለት በዚህ አገር ወንጀል ነው» አሉ። «አንቺ ነኝ አላልሽም። ሰው ናት ሲልሽ ግን ዝም አልሽ። እኔ ደግሞ አምኜሽ ኤርወንን ስንት ወር አስጠበቅኳት።»

«መሻገሪያውን በሚመጣው ሴፕቴምበር እጀምራለሁ። አንድ ዓመት ብቻ ቢጨምሩልኝ…»

«አይሆንም። ቃሌን ለአንቺ ስል አንዴ አፍርሻለሁ፤ ሁለተኛ አላፈርስም። ለገና ቢሮውን እዘጋለሁ።»

ለካ ያ የተቀሰረ ጣት ይህ ኖሯል። ኔሪስ ያን ጊዜ ያላየችውን ጣት አሁን አየችው።

«ፖንቲፕሪድ አንዲት ሶሊሲተር አለች» አሉ ቤይነን በመጨረሻ። «ከእኔ ጋር ዝምድናም ውለታም የላትም። ፈተናሽን ስታልፊ ሄደሽ ሥራ ጠይቂያት። ስትጠይቂያት ደግሞ በቅድሚያ የአጥሩን ነገር ንገሪያት፤ ከእኔ እንዳትሰማው። ከዚያ በፊት ግን ሃሪ ክለቡ ውስጥ የሰው አጥር አፍራሽ እየተባለ ነው። ይህን ማንሣት ያለብሽ አንቺ ነሽ።»

ቤት ስትደርስ ኤምሪስ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። አባትየው ቢላዋውን አስቀመጡ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ ሽንኩርቱ ይሁን ነገሩ አልታወቀም።

«አባዬ፣ አሳፈርኩዎት። ለሰው ሁሉ ተናግረዋል።»

«አውቶቡስ በወጣሁ ቁጥር ተናግሬያለሁ» አሉ ኤምሪስ። «ነጂው ሁሉ ሰልችቶታል።»

«ምን ይሻለኛል?»

«ያን ቀን አበርዴር ላይ ሰዉ በምን እንደተናደደብኝ ታውቂያለሽ?»

«መንገድ ስለሳቱ ነዋ።»

«ሂጂ ወዲያ! መንገድማ ማን የማይስት አለ። ሚዜዋ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ፤ ‹መሳትህን ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀምሮ ታውቅ ነበር አይደል? ታዲያ ለምን ነዳህ?› አለችኝ።» ቢላዋውን መልሰው አነሡ። «ቅዳሜ ክለብ አብሬሽ እሄዳለሁ። ከረባት ግን አላስርም።»

ቅዳሜ ከጨዋታ በኋላ ክለቡ በጭቃና በቢራ ሽታ ታፍኗል። ሃሪ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ማንም ብርጭቆ አልገዛለትም። አክስቴ ኦልወን በሌላው ጥግ ጥቁር ቢራቸውን ይዘው፣ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። ኤምሪስ ብርጭቆ በማንኪያ መቱ፤ ኔሪስ ቆመች። የወንበር መደገፊያ ያዘች።

«አጥሩን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ኧረ ሃሪ ነው!» አለ አንድ ሰው። «እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ቡታንታ ብቻ ለብሶ!»

«‹ያንተ ነው› ያልኩት እኔ ነኝ። ሕግ ነው አልኩት። ሕጉን አላውቀውም። ምንም አላውቅም። የተመዘገብኩት ሶሊሲተር የማያደርግ ኮርስ ነው። ሚስተር ቤይነን የነገሩኝን ትቼ ስሙ ያማረውን መረጥኩ። ካወቅኩ ከርሜያለሁ፤ ያን ኬክ በበላችሁ በሁለት ሳምንቱ። በእኔ ምክንያት ቢሮው በገና ይዘጋል፣ እናንተም ለአንዲት ኑዛዜ ፖንቲፕሪድ ልትወርዱ ነው። አክስቴ ኦልወን፣ ጽጌረዳዎን…»

ዴቪስ ሬሳ በዚያ የቀብር ድምፁ፣

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስታጠኚ ከረምሽ?» አላት።

«ዓሣ።»

«ምን?»

«ዓሣ። ባሕር ውስጥ ያለ ዓሣ የማን እንደሆነ።»

ዴቪስ አሰበ። በመስኮቱ ወደዚያኛው ተራራ አየ፤ ወደዚህኛው ተራራም አየ።

«እዚህ እኮ ባሕር የለም» አለ።

«የለም» አለች ኔሪስ።

መጀመሪያ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ከዚያ ሁለት ሆኑ፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሃሪ ለጥቂት ከጥጉ ተነሥቶ፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ ወንበር ላይ ሲወጣ ኔሪስ ምን እንደሚመጣ አውቃ ዓይኗን ጨፈነች።

«ወገኖቼ!» አለ ሃሪ። «ሕግ የሚለውን ስም መልሰን ወስደናል! ኔሪስ ዓሣ!»

«ኔሪስ ዓሣ!» አለ ቤቱ።

አክስቴ ኦልወን ግን አልሳቁም። ሳቁ ሲበርድ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «ጡቡን ማክሰኞ መጀመር ትችላላችሁ» አሉ። «ሁለታችሁም። ጽጌረዳዋ አትመለስም።»

ሃሪና ኔሪስ አጥሩን መልሰው ገነቡት። ሃሪ ሲሚንቶ ያቦካል፣ ኔሪስ ጡብ ታቀብላለች፤ አንዱ ረድፍ ትንሽ ጠምሟል፣ እስከ ዛሬም ይታያል። ቤይነን ለገና ቢሮውን ዘጉ፤ የራሳቸውን የነሐስ ሰሌዳ ሲነቅሉት በሩ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ። ኔሪስ በዚያ በኩል ስታልፍ ዓይኗ መሬት ነው። የባሕሩንም ማስተርስ ጨረሰች፤ አባቷ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉላት ቢፈልጉ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በቀጣዩ ሴፕቴምበር፣ የመሻገሪያው ኮርስ በጀመረ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ካርዲፍ የሚወስደውን ባቡር ለመያዝ የፖንቲፕሪዱን አውቶቡስ ተሳፈረች። ጉንፋናሙ ሰውዬ የሰጣት በስቴፕለር የተመታ ወረቀት በቦርሳዋ ነው። «ደህና አደርሽ፣ ዓሣ!» አላት ነጂው። አውቶቡሱ ሙሉ ነው፤ የተገኘው መቀመጫ ከአክስቴ ኦልወን ጎን ብቻ ሆነ። ከአጥሩ ወዲህ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ሁለት ፌርማታ አለፈ።

«ኔሪስ» አሉ አክስቴ ኦልወን በድንገት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «የአጎቴ ልጅ ቤቷን ልትሸጥ ነው። ጭስ ማውጫው ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ማነው የሚያሳድሰው?»

የፊተኛው መቀመጫ ሰው ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። የኋላው ወሬውን አቋረጠ። ኔሪስ የዚያን ዓርብ ማታ የድንች ጥብስ እንፋሎት ፊቷ ላይ የተመለሰ መሰላት፤ ጆሮዋ ሳይቀር ጋለ።

«አላውቅም፣ አክስቴ ኦልወን» አለች፣ አውቶቡሱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

«አታውቂም?»

«አላውቅም። መሬት የምንጀምረው ገና ነው።»

አክስቴ ኦልወን አሁን ዞር ብለው አዩዋት፤ ረዘም አድርገው። ከዚያ የእጅ ቦርሳቸውን ከፍተው አንዲት የሚንት ከረሜላ አወጡና፣ ሳይፈቱላት ጭኗ ላይ አኖሩላት።

«ስትጀምሪ ትነግሪኛለሽ» አሉ።

«ፖንቲፕሪድ!» ብሎ ነጂው ጮኸ፤ ማዞሪያው ላይ ሲደርሱ። «ፖንቲፕሪድ ነን ወገኖቼ! አበርዴር አይደለም፣ ዓሣ ደግሞ ውረጂ!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጠ። ኔሪስ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ ከረሜላዋን በእጇ ጨብጣ፣ ሰዉን ይቅርታ እያለች ወረደች።